የቦጎታ ተጣጣፊ አውቶቡሶች

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የሜትሮ ባቡር ሳይኖራት ሕዝቧን ለዓመታት ያጓጓዘችው በተጣጣፊ አውቶቡሶች ነው። ትራንስሚሌኒዮ የተባለው አገልግሎት በ2000 እ.ኤ.አ. በከንቲባ ኤንሪኬ ፔኛሎሳ ዘመን ተጀመረ።

18 ሜትር የሚረዝመው አውቶቡስ እስከ 160 ሰው ይጭናል። የአውቶቡሱን ሁለት አካላት ወለሉ ላይ ያለ ክብ መዞሪያ ያገናኛቸዋል፤ ዙሪያውን እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ሽፋን ይከበዋል። ኩርባ ላይ ሽፋኑ በአንድ ወገን ይጨማደዳል፣ በሌላው ይለጠጣል።

ያረጁት አውቶቡሶች ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲተኩ፣ ከአዲሶቹ መካከል በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ፣ ሁለት መታጠፊያ ያላቸውና 27 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ይገኙበታል። እያንዳንዳቸው 250 ያህል ሰው ይይዛሉ።

ጉዞውን የሚያፋጥነው ግን አሠራሩ ነው፦ የተከለለ መንገድ፣ ከመሳፈር በፊት የሚከፈል ሒሳብና ከአውቶቡሱ ወለል እኩል የሆነ መድረክ። ተሳፋሪው ደረጃ ሳይወጣ በቀጥታ ይገባል፤ በሮቹም በአንድ ጊዜ ስለሚከፈቱ አውቶቡሱ ፌርማታ ላይ ብዙ አይቆምም።