ጉምቦሮ ስለሚባለው የሥጋ ዶሮ በሽታ

ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ የማያውቅ ባላገር የለም። ጉምቦሮ ግን ለአገራችን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ስለ ሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ባለማወቁም ጥፋቱን በፈንግል፤ በመድኃኒቱ፤ አለዚያም በከታቢው ላይ ያላክካል። ስለዚህ በየወረዳው ሕዝብ ለማስተዳደር የተሾማችሁና እርሻ ያላችሁ ሁሉ ነገሩን አስቀድማችሁ እንድትረዱት ይህን ጽፈናል።

በሽታው ስሙን ያገኘው በአሜሪካ በዴላዌር ግዛት ካለችው ጉምቦሮ ከምትባል ስፍራ ነው፤ ኮስግሮቭ የተባለ ሊቅም በ1962 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ገልጾ ጻፈው። በኢትዮጵያ በ2002፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ በደብረ ዘይት በአንድ የግል እርሻ ከ20 እስከ 45 ቀን ዕድሜ ባላቸው ዶሮዎች ላይ ታየ።

በተለይ የሚበረታው ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጫጩት ላይ ነው። ባለቤቱ መኖውን ሁሉ አብልቶ ገንዘቡን ሊቈጥር በተሰናዳበት ሰዓት ይመጣበታል ማለት ነው። ቫይረሱ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጫጩቱ ላባውን አቁሞ ይደበታል፤ ነጭ ውሃ መሰል ኩስ ይጥላል፤ ፊንጢጣውንም ይነክሳል። ሞቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይበረታና በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ይህ ድንገት መቆሙ ሰውን ያታልላል፤ ባለ ዶሮው ከገበያ የገዛውን ዱቄት «ፈወሰልኝ» ብሎ ለጎረቤቱ ይመክራል። አልፈወሰለትም፤ የሚሞተው ሞቶ አለቀ እንጂ። ለዚህ በሽታ ማዳኛ መድኃኒት የለም። ከመቶው እስከ 20 መሞቱ የተለመደ ነው፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ በአውሮፓ የተነሣው ብርቱው ዓይነት ግን ግማሹንና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል።

ከሞቱም ይልቅ የሚከፋው በተረፉት ላይ የሚተወው ጉዳት ነው። ከጫጩቱ ፊንጢጣ በላይ አንዲት ትንሽ ከረጢት አለች፤ የሰውነቱ ጠባቂዎች የሚሠለጥኑት በእርስዋ ውስጥ ነው። ጉምቦሮ ይህችን ማሠልጠኛ ያፈርሳታል። ከዚያ በኋላ የፈንግል ክትባት ቢሰጠው ሰውነቱ ትምህርቱን የሚቀበልበት ኃይል አጥቷልና ክትባቱ ከንቱ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ክትባቱ ዶሮዬን ገደለ» የሚል አቤቱታ ወደ ሹም ሲቀርብ፤ ከታቢውን ከመቅጣት በፊት የሞተውን ዶሮ ለእንስሳት ሐኪም ማስመርመር ይገባል። ሐኪሙ ቢከፍተው ከረጢቷ አብጣ፤ በጭኑና በደረቱ ሥጋም ላይ የደም ነጠብጣብ ቢያገኝ ጉምቦሮን ይጠረጥራል።

ቫይረሱ በዶሮ ቤት ውስጥ ከመቶ ቀን በላይ ይቆያል፤ በመኖና በኩስም ከ50 ቀን በኋላ ተገኝቷል፤ በጕዝጓዙ ውስጥ የሚርመሰመሱት ጥቃቅን ጥንዚዛዎችም ይዘውት ይቆያሉ። ስለዚህ አዲስ ጫጩት በማግስቱ ማስገባት ገንዘብን በእሳት መጣል ነው። ኩሱ ለማዳበሪያ ተብሎ ዶሮ ወዳለበት መንደር እንዳይጋዝ፤ የታመመውም በርካሽ ወደ ገበያ እንዳይወጣ ማገድ የወረዳው ሥራ ነው። ይህ ባለቤቱን እንደሚያስከፋ እናውቃለን፤ ነገር ግን አንድ የተበከለ ቅርጫት የአንድን ከተማ ዶሮ ሊያስጨርስ ይችላል።

መከላከያው ክትባት ነው፤ በቢሾፍቱ ያለው የመንግሥት ማምረቻም ይሠራዋል። ጭንቁ ቀኑን መምረጥ ነው። ጫጩቱ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ሳለ ቢሰጥ ያው መከላከያ ክትባቱን ያጠፋዋል፤ ቢዘገይም በሽታው ይቀድማል። እናቶቹ ተከትበው እንደ ሆነ ጫጩቱን ከሸጠው ድርጅት ጠይቆ፤ ቀኑን ሐኪም ይወስን። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሲሆንም ክሎሪን የገባበት ውሃ ክትባቱን ይገድለዋልና ንጹሕ የጕድጓድ ውሃ ይዘጋጅ፤ ጫጩቶቹም አስቀድመው አንድ ሁለት ሰዓት ይጠሙ።