ሞተርም ይተነፍሳል

በዲላ፣ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አካባቢ እሸት ቡና የሚለቀመው ዝናቡ ሲቀንስ ነው። ቀዩ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ዋጋውም ይወድቃል። በዚያው ወራት መንገዱ ይደርቃል። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ ይነሣል። መፈልፈያችንን የሚያዞረው የናፍጣ ሞተር ከሆነ ይህንኑ አቧራ ይስባል።

ሞተር ናፍጣ ብቻ አይበላም። 1 ሊትር ናፍጣ ለማቃጠል ከ10,000 ሊትር የማያንስ አየር ይፈልጋል። ይህ 200 ሊትር በሚይዘው በርሜል ቢሰፈር 50 በርሜል ነው። ማጣሪያ ከሌለው አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል። ማጣሪያው ከተደፈነ ደግሞ ሞተሩ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱ ይደክማል።

«ለአንድ ቀን ማጣሪያውን አውልቀን ብናሠራው ምን ይለዋል?» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅ። ማጣሪያው የወረቀት ከሆነ በውሃ አይታጠብም። ቀስ አድርገን መታ መታ እያደረግን እናራግፈው፤ ከጠቆረ ወይም ከተቀደደ በአዲስ እንለውጠው። ከሥሩ የዘይት ሳህን ያለው ከሆነ ዙሪያውን በጨርቅ ጠርገን ሳህኑን እንፍታ። ጭቃ የሆነውን ዘይት በጣሳ እናጠራቅም፤ ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ሳህኑን በናፍጣ እንጠበው። ቤንዚን ግን አይሆንም፤ እሳት ቶሎ ይይዛል። ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ እንጨምር። ከምልክቱ ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ስቦ ያለ ልክ ይሮጣል፤ አልጠፋም ሊልም ይችላል።

መልሰን ስናጠብቅ ጎማው በደንብ መቀመጡን እንይ። አቧራ በበዛበት ሰሞን ሳህኑን በየቀኑ ጠዋት፣ እሸቱ ሳይደርስ ማየት ነው።