ኔግሊጀንስ፦ አስፋልት ላይ የቀረው ድንጋይ

አንዳችሁ በውስጥ መስመር «ኔግሊጀንስ ቸልተኝነት ማለት አይደል እንዴ? ምኑ ይብራራል?» ብላችሁኛል። ነው። ግን እኛ «ቸልተኛ» ስንል ብዙ ጊዜ የሰውየውን ጸባይ መንቀፋችን ነው። ቃሉ ፍርድ ቤት ሲገባ ጸባይ ይቀርና ሁለት ጥያቄ ይመጣል፦ የመጠንቀቅ ግዴታ ነበረብህ? የሚመጣውን መገመት ትችል ነበር?

በክረምት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሄደ ሰው ጉሙን ያውቀዋል። ከሰል የጫነ አይሱዙ መንገድ ላይ ይበላሻል፤ ረዳቱ ወርዶ ከኋላ ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ይጥላል። እስከዚህ ጎበዝ ነው። ጎማው ይቀየራል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ረዳቱ ዘሎ ይገባል። ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ማታ አንድ ባለሞተር ይወጣበታል። ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ «ሆን ብዬ መሰላችሁ? ረሳሁት እኮ!» ይባላል፤ አንዱ ደግሞ «ክፉ ቀን ነው» ብሎ ያግዛል። ሆን ብሎ ቢሆንማ ክሱ ሌላ ነበር! ኔግሊጀንስ የሚባለው እኮ ይኸው «ረሳሁት» ነው። (የቃሉ የላቲን ሥር «አለማንሳት» የሚል ትርጉም አለው፤ ለዚህ ድንጋይ ተብሎ የወጣ ይመስላል።)

የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 59 ሁለት ዓይነት ቸልተኝነት ያውቃል። አንደኛው የረዳቱ ነው፤ ማሰብ ሲገባውና ሲችል አላሰበም። ሁለተኛው፣ የፊት መብራቱ እንደጠፋ እያወቀ «ቅርብ ነው፣ ምን ይመጣል» ብሎ በጉም የሚነዳው የባጃጅ ሹፌር ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል። ሰው ከሞተ ደግሞ አንቀጽ 543 ይመጣል፤ ሙያው ሰው እንዲጠብቅ የሚያስገድደውን፣ ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ጠርቶ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና የገንዘብ መቀጮ ይላል። የሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሕይወት ከጠፋ ወይም ሹፌሩ ሰክሮ ከነበረ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ካሳው ለብቻው ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክፈል ይላል።

አጠቃቀሙ ላይ፦ ኔግሌክት ግሱ ነው፤ ልጁን ሳያበላ፣ ሳያሳክም የተወ አባት ኔግሌክት አድርጓል። የፍቅረኛን ስልክ አይቶ አለማንሳት ግን ኢግኖር ነው፣ አታደባልቋቸው። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህሩ «የአየሩ ፍትጊያ ኔግሊጅብል ነው» ቢላችሁ ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ነው ማለቱ ነው፤ እዚያ የሚከሰስ የለም።