ፒስተኑ ሳይገኝ ሲሊንደሩ አይነካ

በቤትዎ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል ይኖር ይሆናል። ጉልበቱ ሲደክምና አልነሣ ሲል ሜካኒኩ «ፋሻው አልቋል፤ ሲሊንደሩ ይስፋ» ይላል። የቤት ወጪ በከንቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ለልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ካጠራቀመችው ቀንሳ ሲሊንደሩን በቅድሚያ ለቶርኖ ቤት ሰጠች። ሲሊንደሩ ሰፋ፤ ለስፋቱ የሚሆን ፒስተን ግን ሦስት ወር ሙሉ ጠፋ። ባለቤቷ ያን ሁሉ ጊዜ ሥራ ፈትቶ ከረመ።

የብዙዎቹ የቆዩ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች የጥገና ፒስተን ስፋቱ በ0.25 ሚሊ ሜትር እየጨመረ ይሠራል፤ ይኸውም 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ነው። ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ በፒስተኑ አናት ላይ ተመትቶ ይገኛል። ስለዚህ አስቀድመው ሲሊንደሩን በማይክሮሜትር ያስለኩ፤ ስንተኛው ልክ እንደሚያስፈልግም ይወቁ። ከዚያም አሮጌውን ፒስተን በጨርቅ ጠቅልለው በመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገኙትን የመለዋወጫ ነጋዴዎች ይጠይቁ። ሻጩ «ይሆናል» ስላለ ብቻ አይግዙ። ቁመቱንና ከቢዬላው ጋር የሚያያይዘውን ዘንግ ውፍረት ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

ፒስተኑ በእጅዎ ሲገባ ከሲሊንደሩ ጋር በአንድነት ለቶርኖ ባለሙያው ያስረክቡ። ሲሊንደር የሚሰፋው በተገኘው ፒስተን ልክ ነውና። ያልሆነ ፒስተን ይለወጣል፤ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም። ልብስ ሰፊስ ሳይለካ መቼ ይቀዳል?

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በዝግታ ይነዳ፤ አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ቀስ በቀስ ነው።