ያውቁ ኖሯል? ቴምብር የወጣለት የመርከበኞች መምህር

ፖርቱጋል እ.ኤ.አ. በ2002 የሒሳብ ሊቁ ፔድሮ ኑኔስ የተወለደበትን 500ኛ ዓመት በፖስታ ቴምብር ዘክራለች። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ የኑኔስ የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ተገደው ክርስትናን ከተቀበሉ አይሁዳውያን ነው።

ኑኔስ በ1537 ባሳተመው ሥራው መርከበኞችን ግራ ያጋባ የነበረውን ጉዳይ አብራራ። ኮምፓሱ ሳይዛነፍ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚጓዝ መርከብ አጭሩን መንገድ አይዝም፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዋልታ የሚጠጋ መስመር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ኖኒየስ የተባለው ፈጠራው ነው። የከዋክብትን ከፍታ በሚለካው መሣሪያ ላይ 90 ቦታ ከተከፈለው ሩብ ክብ በታች 44 ቅስቶችን ደረደረ። የመጀመሪያው 89 ቦታ፣ ቀጣዩ 88 እያለ እስከ 46 ይወርዳል። መለኪያው ከአንዱ ቅስት ምልክት ጋር ሲገጥም ከዲግሪ ያነሰው ልኬት በስሌት ይገኛል። መሣሪያውን መሥራቱ አድካሚ ቢሆንም ሐሳቡ ድንቅ ነበር!

ኑኔስ በ1578 አረፈ። የፖርቱጋልን ንጉሥ በዋና ኮስሞግራፈርነት (የምድርና የሰማይ አቀማመጥ አጥኚነት) ያገለገለው ሊቅ ከሞተ በኋላ፣ ሁለት የልጅ ልጆቹ የአይሁድን እምነት በስውር ይከተላሉ ተብለው ኢንኩዊዚሽን በተባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመናፍቃን ችሎት ታሰሩ። ስሙ በቴምብር ሲነሣ ይህም አብሮ ሊነገር ይገባል እንላለን።

ኑኔስ በሕይወት ሳለ፣ በጥላ የሚሠራውን ሌላውን መሣሪያውን በ1538 ወደ ሕንድ ሲጓዝ ባሕር ላይ የሞከረው ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ዡዋው ዴ ካስትሮ ነው። ካስትሮ በ1541 ፖርቱጋላዊውን የጦር መሪ ክሪስቶቮ ዳ ጋማንና 400 ያህል ወታደሮቹን ምጽዋ ካደረሰው የመርከብ ጓድ ጋር ቀይ ባሕርን ቀዝፏል።