የባለ ሁለት መቀመጫዋ መኪና ሒሳብ

የስፖርት መኪና የሚለው ስም ሲነሣ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ፍጥነትን፣ ቀጥሎም ፍጥነቱን ተከትሎ ይመጣል ብሎ የሚገምተውን የነዳጅ ወጪ ነው። ግምቱ ለአንዳንዶቹ እውነት ቢሆንም፣ በዓለም ላይ በብዛት የተሸጠች ባለ ሁለት መቀመጫ የስፖርት መኪና በመሆን በጊነስ የክብረ ወሰን መዝገብ የሰፈረችውን ማዝዳ ኤም ኤክስ-5ን ግን አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችውና አሜሪካውያን ሚያታ እያሉ የሚጠሯት ይህች ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ የተመረተ ሲሆን፣ ወጪዋ በዝርዝር ሲመረመር ባለቤቷን የሚፈትነው ቤንዚኑ አለመሆኑ ይታያል።

በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ልኬት መሠረት፣ በ2019 ለገበያ የቀረበችው ባለ 2 ሊትር ሞተርና ማርሿ በእጅ የሚቀየረው ሚያታ በአንድ ጋሎን በከተማ 26፣ በአውራ ጎዳና 34፣ በአማካይ ደግሞ 29 ማይል ትጓዛለች፤ ይህም የኢትዮጵያ አሽከርካሪ በለመደው አቆጣጠር በሊትር 11፣ 14.5 እና 12.3 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ልኬቱ የሚካሄደው በቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናዋ ባለችበት ቆማ ጎማዎቿ በሚሽከረከሩ በርሜሎች ላይ እየዞሩ በመሆኑ፣ ነዳጅ መስጫውን አዘውትሮ የሚረግጥ አሽከርካሪ ተመሳሳይ ውጤት ሊጠብቅ አይገባም።

ለውጤቱ ዋነኛው ምክንያት ቀላልነት ነው። የአሁኗ ሚያታ ክብደት ከ1,100 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ በከተማ ውስጥ መኪና ደጋግሞ ቆሞ ሲነሣ የሚባክነው ነዳጅ በአብዛኛው ይህንኑ ክብደት ከቆመበት ለማንቀሳቀስ የሚውል በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የተቀነሰ ኪሎ ግራም በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይታያል። በአውራ ጎዳና ላይ ግን ክብደት ቦታውን ለአየር ግፊያ ይለቃል፤ የአየር ግፊያ በፍጥነት ካሬ የሚያድግ ስለሆነ፣ ከ100 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተሻገረ መኪና የሚገጥመው ተቃውሞ በ44 በመቶ ይጨምራል። አጭርና ጣሪያዋ ክፍት የሆነች መኪና በዚህ ረገድ ዕድለኛ አይደለችም፤ አየሩ ከኋላዋ በዝግታ የሚገጥምበት ርዝመት የላትም፣ ጣሪያዋ ሲታጠፍ ደግሞ በመቀመጫዎቹ ላይ የሚፈጠረው ሽክርክሪት ተጨማሪ ኃይል ይወስዳል። መሐንዲሶቹ ይህን ለማካካስ ካምቢዮውን በስድስተኛው ማርሽ ኃይሉ በጥርሶች ጥንድ ሳይዞር በቀጥታ እንዲያልፍ አድርገው ስለሠሩት፣ ረጅም መንገድ ላይ በሰበቃ የሚባክነው ኃይል ይቀንሳል።

የመቀመጫ ቁጥር ብቻውን ምንም እንደማይወስን ለማየት ሌሎች ሁለት መኪኖችን ማስተያየት ይበቃል። ባለ 6.2 ሊትርና ባለ ስምንት ሲሊንደሯ የ2020 ሼቭሮሌት ኮርቬት በከተማ በሊትር 6.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ስትጓዝ፣ በአውራ ጎዳና ላይ፣ ብዙ ኃይል በማያስፈልግበት ጊዜ ግማሾቹን ሲሊንደሮች ስለምታሳርፍ፣ 11.5 ትደርሳለች፤ ይህም ሚያታ በከተማ ከምታስመዘግበው በጥቂቱ ይበልጣል። በሌላው ጫፍ የምትገኘውና በ1999 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበችው ባለ ሁለት መቀመጫዋ ሆንዳ ኢንሳይት፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተሯን በኤሌክትሪክ ሞተር እያገዘች ከሚያታ እጅግ ያነሰ ነዳጅ ትጠቀም ነበር፤ ስፖርት ግን አልነበረችም።

ነዳጁን በተመለከተ ሊታለፍ የማይገባው የቤንዚኑ ዓይነት ነው። ኦክቴን የሚባለው ቁጥር ቤንዚኑ በሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ያለውን የመቋቋም አቅም የሚያመለክት ሲሆን፣ የሚያታ ሞተር አየርና ነዳጁን ወደ አንድ አሥራ ሦስተኛ የሚያምቅ በመሆኑ አምራቹ ከፍ ያለ ኦክቴን ያለውን ውድ ቤንዚን ይመክራል። በተራው ቤንዚን የተነዳ እንደሆነ ሞተሩ ራሱን ለመጠበቅ የካንዴላውን ብልጭታ ያዘገያል፤ ጉልበትም አብሮ ይቀንሳል። እንግዲህ በሊትር የሚገኘው ኪሎ ሜትር ከአንዲት ተራ የቤት መኪና ጋር እኩል ቢሆንም እንኳ የኪሎ ሜትሩ ዋጋ እኩል አይሆንም።

ከዚህም ሌላ በሊትር የመቁጠር ልማድ ራሱ ያሳስታል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በሊትር 6 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪናውን 8 በምትሄድ ቢተካ 500 ሊትር ሲያተርፍ፣ 12 የምትሄደውን 16 በምትሄድ ቢተካ የሚያተርፈው 250 ሊትር ብቻ ነው፤ የቁጥሩ ልዩነት በእጥፍ ቢያድግም ትርፉ በግማሽ ቀንሷል። አስቀድሞ ቆጣቢ የሆነችን መኪና ይበልጥ ለማስቆጠብ መድከም ብዙ የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ ሁለት መቀመጫ መኪናን በእውነት ውድ የሚያደርጋት ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ መኪና መሆኗ ነው። የአሁኗ ሚያታ የዕቃ መጫኛ 130 ሊትር ብቻ የሚይዝ ስለሆነና ልጅ ያለው ቤተሰብ በእርሷ ብቻ ሊኖር ስለማይችል፣ ባለቤቱ የመድን ዓረቦን፣ የምዝገባና የመኪና ማቆሚያ ወጪን ደግሞ ይከፍላል። በተጨማሪም ሁለተኛ መኪና ጥቂት ስለምትነዳ ወጪዎቿ ከኪሎ ሜትር ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ጋር ይሄዳሉ፤ በዓመት 8,000 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ ነዳጇ 650 ሊትር ገደማ ሆኖ ሲቀር፣ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው፣ ማለትም መኪናው ዕድሜው በገፋ ቁጥር ከመሸጫ ዋጋው የሚጎድለው ገንዘብ፣ ብትቆምም ብትሄድም አይቋረጥም። የሞተር ዘይት ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በጊዜው መለወጥ አለበት፤ የጎማውም ላስቲክ ጥርሱ ሳያልቅ ይደርቃል።

አሮጌዋን ሚያታ ርካሽ ናት ብሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ዝርዝር ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ትውልድ ሞተር በካቴና ሳይሆን በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ገደማ በሚቀየር ቺንጋ የሚሠራ ሲሆን፣ የጨርቅ ጣሪያውም ፀሐይና ዝናብ የሚጨርሱት ዕቃ ነው። በተለይ የኋላ መስኮቱ ከፕላስቲክ የተሠራ ስለነበር ጣሪያው ሲታጠፍ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበርና፣ አምራቹ በሁለተኛው ትውልድ በመስታወት ተክቶታል።