አኦርታ ውስጥ የተዘረጋ ጨርቅ

ዶርዜ ሽቅብ ወጥታችሁ ሸማኔው ድሩን ወጥሮ መወርወሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲልክ ስታዩ፣ እኔ የማስበው ሰው ሆድ ውስጥ ስለሚገባው ጨርቅ ነው። እውነቴን ነው! ያበጠ አኦርታ ከሚጠገንባቸው ቱቦዎች ብዙዎቹ በድርና ማግ የተሸመነ ፖሊስተር ናቸው።

አኦርታ፣ ዋናው ደም ቅዳ ቧንቧ፣ ግድግዳው ሳስቶ ሲነፋ አኑሪዝም ይባላል፤ ከፈነዳ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ድሮ የሚጠገነው ሆድ ተከፍቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አርጀንቲናዊው ሁዋን ፓሮዲ ቦነስ አይረስ ላይ ጨርቁን ስቴንት ከሚባል የብረት ጥልፍልፍ ጋር ሰፍቶ በብሽሽት አስገባና ውስጥ ዘረጋው። ዛሬ ታካሚው በጥቂት ቀን ቤቱ ይገባል።

ጉዱ ከዚያ በኋላ ነው። ያበጠው ግድግዳ አልወጣም፤ በጨርቁ ዙሪያ እንዳለ ነው። ደም ወደ እሱ ከሾለከ ሐኪሞቹ ኢንዶሊክ ይሉታል፤ የመጀመሪያው ጥያቄም «ከየት በኩል?» ነው። ከጨርቁ ጫፍ ከሆነ፣ ወይም ጨርቁ ከተቀደደና መጋጠሚያው ከተላቀቀ፣ የአኦርታ ሙሉ ግፊት እብጠቱን እየመታው ስለሆነ ቀጠሮ አይሰጠውም፤ በባሉን ይለጠጣል ወይም ሌላ ስቴንት ይደረብበታል። በብዛት የሚያጋጥመው ግን ከወገብ በኩል ያሉ ትንንሽ ደም ቅዳዎች ደሙን ወደ ኋላ ሲመልሱት ነው። እኔን የሚገርመኝ ይኸኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይደርቃልና ሐኪሙ እጁን ሰብስቦ ይጠብቃል። እብጠቱ ካደገ ብቻ በቀጭን ቱቦ ገብቶ ይደፍነዋል።

ወደ ሁለቱ እግሮች ከሚወርዱት የጨርቁ ቅርንጫፎች አንዱ በረጋ ደም ሲዘጋ ደግሞ የታካሚው እግር በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ይገረጣል፣ ያማል። ትኩሳትና የጀርባ ሕመም አብረው ከመጡ ጨርቁ በጀርም ተበክሎ ሊሆን ይችላል፤ ከክፉዎቹ አንዱ እሱ ነው። ድንገተኛ የሆድ ወይም የጀርባ ሕመም ከራስ መሳት ጋር ከሆነ ደቂቃም አያስጠብቅም።

ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው። እንግሊዞች ሁለቱን ሕክምናዎች ለ15 ዓመት አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጡ፣ በብሽሽት የተጠገኑት መጀመሪያ የነበራቸው ብልጫ ከ8 ዓመት በኋላ ተገልብጦ ተገኘ፤ አንዱ ምክንያት ዘግይቶ የሚመጣው ፍንዳታ ነው። መጀመሪያ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ሁሉ ከረጋ በየዓመቱ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ኩላሊት ላይም አይከብድም። ስለዚህ ውጭ አገር ተጠግነው ዶርዜ የተመለሱ አባት ካሏችሁ፣ ለምርመራ አርባ ምንጭ ሲወርዱ የእብጠቱ ስፋት በሚሊሜትር የተጻፈበትን የድሮ ወረቀት ይያዙ፤ ማደግ አለማደጉ የሚታወቀው ከእሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው።